ከቀባሪ በፊት ጠያቂ

ተማሪዎች በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ አረጋዊ ቢሰጡ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣችሁ» ተብሎ ያልተመረቀ ቤተሰብ በአገራችን የለም ማለት ይቻላል። ሙሽሮች በዚህ ይመረቃሉ፤ የወለደች እናትም በዚህ ትመረቃለች። ሁለቱ ቃላት ዘወትር አብረው ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስሉናል። ነገር ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። ቀባሪ የሚያስፈልገው ለአንድ ቀን ነው። ጧሪ የሚያስፈልገው ግን ከዚያ ቀን በፊት ላሉት ረጅም ዓመታት ነው።

ለቀብሩ ማኅበረሰባችን በሚገባ ተደራጅቷል። በከተማ ዕድር አለ፤ በወሎ ገጠር ደግሞ ቅሬ አለ። ሰው ሲሞት መልእክቱ በአንድ ሌሊት ይዳረሳል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ታዲያ ደጁ ለሦስት ወር ሳይረገጥ የቆየን ሽማግሌ ባለመጠየቁ የተቀጣ የዕድር አባል ሰምተን እናውቃለን? ውድ አንባብያን፣ ይህ ጽሑፍ ትኩረት የሚያደርገው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። ክፍተቱን ለመሙላት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጊዜና ጉልበት ያለው፣ ለመማር የተዘጋጀ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከተማሪ ሌላ ማን አለ?

ጧሪው ሲርቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፎ ሲወርድ ሰፊው የጨፋ ሸለቆ ይቀበለዋል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ይህ ረግረግ ምድር በበጋ ወራት ሣሩ ስለማይደርቅ ከአካባቢው አልፎ ከአፋር ቆላ ሳይቀር ከብቶች እየተነዱ የሚመጡበት የግጦሽ ስፍራ ነው። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ450 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ነበሩት። አብዛኞቹ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪዎችና ሙስሊሞች ናቸው።

በዚህ ሸለቆ የሚያረጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገበሬ ወይም ከብት አርቢ ነው። ጡረታ የመንግሥት ሠራተኛ መብት ሆኖ ኖሮ በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኞችንም አቅፏል። ነገር ግን ዕድሜ ልኩን በበሬ ያረሰው ገበሬና ከብት የጠበቀው አርብቶ አደር በዚያ ውስጥ አልገቡም። የእነርሱ ጡረታ ልጅ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል። ይሁን እንጂ አቅሙ እስኪፈቅድ ድረስ ሸክሙ የሚያርፈው በቤተሰብ ትከሻ ላይ ነው።

ልጅ ደግሞ ይርቃል። ከወሎ መንደሮች፣ ከዚህም ዞን ጭምር፣ ብዙ ወጣቶች በባቲና በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የጉዳዩን ስፋት ሁላችንም አይተናል። የቀሩትም ቢሆኑ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳሉ። ጥሩ ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ በሳምንት አንድ ጊዜም ይደውላል። ነገር ግን ስልክ ውኃ አይቀዳም፤ ፊት ጠቁሮ እንደሆነም አያይም። እናት ደግሞ ልጇን ላለማስጨነቅ «ደህና ነኝ» ትላለች። ጎረቤቱ ከሩቅ ልጅ የሚበልጠው ይህን «ደህና ነኝ» ሰምቶ ብቻ ስለማይመለስ ነው።

ቤቱ ታደሰ፤ ማን ይግባበት?

የኢትዮጵያ ተማሪ ወገኑን ለማገልገል ሲወጣ ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያገለግሉ ነበር። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ሁለቱም ግዴታ እንጂ በጎ ፈቃድ አልነበሩም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ ዘመቻ ጊዜ 18 ዓመት የነበረው ወጣት ዛሬ ዕድሜው ሰባ ገደማ ነው። የትናንቱ ዘማች የዛሬው አረጋዊ ሆኗል። የዛሬው ተማሪም ነገ እንዲሁ ነው።

በእኛ ዘመን የተለመደው የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወጣቶች ችግኝ ይተክላሉ፤ ደም ይለግሳሉ፤ የአረጋውያንንና የአቅመ ደካሞችን ቤት ያድሳሉ። ጣሪያው ያፈስ የነበረ ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ ማየት የሚያስደስት ነው። ይህን የሚያደርጉ ወጣቶች ሊመሰገኑ ይገባል። ነገር ግን ክረምቱ ያልፋል። መስከረም ሲጠባ ወጣቶቹ ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። በአዲሱ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጡት እናት በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት ማንን ያያሉ? ቤት የሚታደስ በአንድ ሳምንት ነው፤ ብቸኝነት ግን በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ ከክረምቱ አገልግሎት ቀጥሎ የሚመጣ፣ ድምፅ የሌለው፣ ፎቶግራፍ የማይነሣበት ሌላ አገልግሎት ያስፈልገናል።

ከዳቦ በፊት አበባ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ አርማን ማርኪዜ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ ብቻቸውን የቀሩ አረጋውያንን መጠየቅ ጀመረ። ያቋቋመው «የድሆች ታናናሽ ወንድሞች» የተባለው ማኅበር ዛሬም በብዙ አገሮች በጎ ፈቃደኞችን አሰልፎ አረጋውያንን ይጠይቃል። መፈክራቸው «ከዳቦ በፊት አበባ» የሚል ነው። ዳቦ አያስፈልግም ማለታቸው አይደለም። የሚሉት፣ ዳቦ የሚሰጥህ ሰው ስለ ሆድህ ያስባል፤ አበባ ይዞልህ የመጣ ሰው ግን አንተን ሊያይ መጥቷል ነው። በእኛ ቋንቋ «ከዘይት በፊት ቡና» ብንለው ያስኬዳል።

በኔዘርላንድስ ዴቬንተር በምትባል ከተማ የሚገኝ ሂውማኒታስ የተባለ የአረጋውያን መኖሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ ተማሪዎችን ያለ ኪራይ ማኖር ጀምሯል። ከተማሪዎቹ የሚጠበቀው በወር 30 ሰዓት ለአረጋውያኑ መልካም ጎረቤት መሆን ነው። አብረው ይበላሉ፤ ይጫወታሉ፤ ኮምፒውተር ያስተምራሉ። ይህ አሠራር ብዙ አገሮችን አስቀንቷል። እኛ ግን ልንደነቅ አይገባም። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ለእኛ ትናንት የነበረ ነገር ነው። ያጣነውን ባለቤቶቹ በሚገባ ስላደራጁት ብቻ እንደ አዲስ ግኝት ይታየናል።

በአገራችን ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ትልቅ ምሳሌ ነው። «ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለው ቃሉ በብዙዎች አንደበት ይነገራል። ልደታቸውንና ሠርጋቸውን ከአረጋውያኑ ጋር ለማክበር ወደ ማዕከሉ የሚሄዱ ብዙዎች ናቸው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በማዕከል ውስጥ ያሉ አረጋውያን ቢያንስ እርስ በርስ ይተያያሉ። በገዛ ቤታቸው ብቻቸውን የተቀመጡትን የሚያይ ማን ነው?

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ጥናት፣ ከ300 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ምርምሮችን አገናዝቦ፣ ከሰዎች ጋር የጠበቀ ግንኙነት ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ ውስጥ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ በ50 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በየዓመቱ 871 ሺህ ያህል ሞት ከብቸኝነት ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ያሉት አባቶቻችን አልተሳሳቱም።

መጠየቅ ማለት መጠየቅ ነው

ቋንቋችን አንድ ድንቅ ነገር ይዟል። «መጠየቅ» ስንል ጥያቄ ማቅረብ ማለታችን ነው፤ ሄዶ ማየት ማለታችንም ነው። የታመመ ይጠየቃል፤ የታሰረ ይጠየቃል፤ ያረጀ ይጠየቃል። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 1 ቁጥር 27 ላይም ባልቴቶችን በሚመለከት የተጻፈው ይኸው ቃል ነው። ጥሩ ጠያቂ ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ ይሠራል፤ ሄዶ ያያል፣ ካየም በኋላ ይጠይቃል።

በጨፋ ሸለቆ የሚጠየቅ ነገር ሞልቷል። ሰባና ሰማንያ ዓመት የኖሩ ሽማግሌዎች የ1966ቱንም የ1977ቱንም የወሎ ረኀብ በዓይናቸው አይተዋል። በ1977 ዓ.ም. ዓለም በቴሌቪዥን ካያቸው ትልልቅ የእርዳታ ጣቢያዎች አንዱ በዚሁ ዞን በባቲ ነበር። ዛሬ የባቲ ስም የሚነሣው በሰኞ ገበያዋ ነው። ያን ጊዜ ማን ማንን እንደተሸከመ፣ የትኛው ጎረቤት ቆሎ እንዳካፈለ የሚያውቁት ግን እነርሱ ናቸው። ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በአንድ ረግረግ ላይ ከብቱን ሲያግጥ ጠብ ሲነሣ እንዴት ይታረቅ እንደነበር፣ አበጋር የሚባሉት የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች ምን ብለው ይፈርዱ እንደነበር በመጽሐፍ ተጽፎ የሚገኘው ጥቂቱ ነው። ብዙው ያለው በሽማግሌዎቹ ልብ ውስጥ ነው። ካልጠየቅናቸው አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ በዚህ ወዳጅነት ተቀባይ አረጋዊው ብቻ አይደለም። ተማሪው ታሪክ ይማራል፤ ቋንቋ ይማራል፤ መታገሥን ይማራል። ምርቃትም ይቀበላል። አረጋዊው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያልሰሙትን አንድ ነገር ይሰማሉ፤ «እርስዎ የሚያውቁትን እኔ አላውቅም፤ ይንገሩኝ» የሚል ቃል። የሚሰጠው ነገር ያለው ሰው ሸክም አይደለም።

ለመጀመር ለሚፈልጉ ተማሪዎች

በከሚሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በሌላ ከተማ የምትማሩ ወጣቶች፣ የሚከተሉትን ብታስቡባቸው ይጠቅማችኋል።

1. በበሩ ግቡ። ማንን እንደምትጠይቁ ራሳችሁ አትምረጡ። የቅሬውን ዳኛ፣ የቀበሌውን ሰው ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ። ልጆች ወይም ዘመዶች ካሉ ፈቃዳቸውን አግኙ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፤ እናቶችን ሴቶች ተማሪዎች ቢጠይቁ ይመረጣል።

2. ቀኑ የታወቀ ይሁን። በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ከመቀመጥ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ይሻላል። ሐሙስ እመጣለሁ ያላችሁ እንደሆነ ሐሙስ ድረሱ። አረጋዊው ከረቡዕ ጀምረው ይጠብቋችኋልና። የማትችሉ ከሆነ አስቀድማችሁ መልእክት ላኩ።

3. ሰዓቱን እወቁ። ጨፋ ሞቃት ነው፤ እኩለ ቀን ላይ አትሂዱ። የሙስሊም ቤት ከሆነ የሶላት ሰዓትን አክብሩ፤ ከአስር ሶላት በኋላ ያለው ጊዜ ለጨዋታ ይመቻል። በረመዳን ቀን ቀን ቡና አትጠብቁ። በዒድ ዕለት ግን «እንኳን አደረሰዎ» ለማለት አትቅሩ።

4. በቋንቋቸው ሰላም በሏቸው። አፋን ኦሮሞ ባትችሉም «ነጋ» (ሰላም) እና «ገላቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት አያቅታችሁም። ሼህ ወይም ሐጂ ተብለው የሚጠሩ ከሆነ እናንተም እንዲሁ ጥሯቸው። ጆሯቸው ከደከመ አትጩኹባቸው፤ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ ቀስ ብላችሁ ተናገሩ።

5. ዓይናችሁ ይሥራ። በ1998 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በኢትዮጵያ ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ግማሽ ያህሉን የሚይዘው የዓይን ሞራ ነው። የዓይን ሞራ ደግሞ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። «እርጅና ነው» ብለው የተቀመጡ አባት ደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ታክመው ብርሃናቸውን ሊያገኙ ይችላሉ። እናንተ ሐኪም አይደላችሁም፤ ለጤና ሠራተኛ መንገር ግን ትችላላችሁ።

6. ከገንዘብ ራቁ። ከውጭ የተላከውን የልጃቸውን የድምፅ መልእክት ከፍታችሁ ማሰማት፣ መልስ መቅዳት ትልቅ አገልግሎት ነው። የቴሌብር የምስጢር ቁጥር ግን አትያዙ፤ ገንዘብ አታውጡ። የማትችሉትንም ተስፋ አትስጡ። ፎቶግራፍ አንሥታችሁ ለሰው አታሳዩ።

7. መለያየቱን አስቀድማችሁ አስቡ። ተማሪ ይመረቃል፤ ይሄዳል። ልጆቻቸው የሄዱባቸው እናት እናንተም ድንገት ብትጠፉባቸው ቁስሉ ይታደሳል። ስለዚህ ከመመረቃችሁ ከወራት በፊት ከታች ክፍል ያለ ወንድም ወይም እኅት ይዛችሁ ሂዱና አስተዋውቁ። እናንተም ከሄዳችሁ በኋላ ደውሉ።

ማጥመጃ የሌለበት ጉብኝት

በዚህ ሸለቆ ክርስቲያን ተማሪ የሚጠይቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሙስሊም ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ደካማ ሰውን በቡናና በሳሙና አባብሎ እምነቱን ማስለወጥ ፍቅር አይባልም። አረጋዊው «ይህ ልጅ ከእኔ ምን ፈልጎ ነው?» ብለው ሊጨነቁ አይገባም። እምነታችሁን ከጠየቋችሁ በእውነት መልሱ፤ አትደብቁ። እርሳቸውም ስለ እምነታቸው ሲናገሩ በአክብሮት ስሙ። የታመመንና የደከመን መጠየቅ በእስልምናም የተከበረ ተግባር ስለሆነ የመጣችሁበትን ምክንያት ለመረዳት አይቸገሩም። በአገራችን ልማድ ሥጋ ለየብቻ ነው፤ ቡናው፣ ቆሎውና ዳቦው ግን የጋራ ነው። በእነዚህ ዙሪያ መቀመጥ ይበቃል።

ይህ አካባቢ ከባድ ጊዜ አሳልፏል። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬና በአጎራባች ቦታዎች በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ሞቷል፤ ብዙ ቤት ተቃጥሏል። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ዘልቋል። እንዲህ ያለ ነገር ባለፈበት ምድር ጎረቤት ጎረቤቱን በስም ሳይሆን በወገን መጥራት ይጀምራል። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ኦሮሞዋን እናት በየሳምንቱ ሲጠይቅ፣ የእርሷ የልጅ ልጅም ክርስቲያኑን ሽማግሌ ሲጠይቅ፣ እርቅ የሚባለው ትልቅ ቃል በትንሽ ስኒ ይቀርባል። ስሙን፣ ጓዳውን፣ ሕመሙን የምናውቀውን ሰው መጥላት ይከብዳልና።

ለባልና ሚስት

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ነገር ለተማሪዎች ብቻ አንተውላቸው። ልጅ መጠየቅን የሚማረው ወላጁ ሲጠይቅ አይቶ ነው። ብዙ ባልና ሚስቶች ስለ ወላጆቻቸው የሚነጋገሩት ገንዘብ መላክ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ያውም «ለአንተ እናት ስንት፣ ለእኔ እናት ስንት» በሚል ሙግት። ከዚህ ይልቅ «ማን ነው ሄዶ የሚያያቸው?» ብለን ብንጀምር ብዙው ሙግት ይበርዳል። ኑኃሚንን ሩት ስትከተላት በእጇ ምንም አልነበረም። የሰጠቻት አብሮነቷን ነበር።

ወላጆቻችን በሩቅ ካሉ በዚያ ከተማ ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ ተማሪ እንዲጠይቅልን መለመን እንችላለን። እኛም በበኩላችን ልጆቹ የራቁበትን በሰፈራችን ያለ አንድ አረጋዊ ልንጠይቅ ይገባናል። የእኔን እናት በከሚሴ የሌላ ሰው ልጅ ሲጠይቅልኝ እኔ የሌላውን ሰው አባት በአዲስ አበባ ብጠይቅ ብድሩ ተከፈለ ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀንን የአረጋውያን ቀን ብሎ የሰየመው በ1990 ነው። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 21 ገደማ፣ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ይውላል። የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለመያዝ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። ዕድራችን ለቀብር ቀን ተዘጋጅቶልናል። ከዚያ በፊት ላሉት ሐሙሶች ግን የሚዘጋጅ ሰው ይፈለጋል።

በቤታችሁ ተወያዩባቸው

• በሰፈራችን ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን እነማን ናቸው? ስማቸውን እናውቃለን?

• ወላጆቻችንን በመጨረሻ በአካል ያየናቸው መቼ ነው? ቀጣዩ ቀንስ ተወስኗል?

• ልጆቻችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ አረጋዊ እንዲሰጡ ብንፈቅድ የትኛውን ሰዓት እንለቅላቸዋለን?

• ዕድራችን ከቀብር ሌላ መጠየቅንም ሥራዬ ብሎ እንዲይዝ ሐሳብ የሚያቀርብ ማን ነው?